ከቦይለሩ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ፦ ተረትና እውነታ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በሻሸመኔ የኤሌክትሪክ ቦይለር የተሰቀለበት መታጠቢያ ቤት ማየት ብርቅ አይደለም። ቦይለሩ ማንጠባጠብ ሲጀምር ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። ከሚሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ ያለአግባብ ገንዘብ ያስወጣሉ፤ አንዱ ግን ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ ከመግዛትና ከመጠገን በፊት ውሃው ከየት እና መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ይገባል።

ተረት፦ «ካንጠባጠበ በርሜሉ ተበስቷል፤ አዲስ ግዙ።»

እውነታ፦ ውሃ የሚወጣባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ በርሜሉ ከሁሉም በኋላ የሚጠረጠር ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። ከዚያ ቦይለሩን በጨርቅ አድርቀው የቀዝቃዛውና የሙቁ ውሃ ቧንቧዎች መጋጠሚያ ላይ፣ ሬዚስታንሱ በገባበት ክዳን ዙሪያ እና በሴፍቲ ቫልቩ አፍ ሥር ሶፍት ያድርጉ። ቀድሞ የረጠበው ሶፍት ቦታውን ያሳያል። መጋጠሚያው ከሆነ ቴፍሎን ወይም አዲስ ፍሌክሲብል ይበቃዋል፤ ክዳኑ ከሆነ የጎማ ቀለበቱ ይቀየራል። እነዚህ ሁሉ ደርቀው ዝገት የቀላቀለ ውሃ ከውጭው ሽፋን ውስጥ ከወረደ ግን በርሜሉ ተበልቷል።

ተረት፦ «ሴፍቲ ቫልቩ ካንጠባጠበ ተበላሽቷል፤ ይደፈን።»

እውነታ፦ ሕይወት የሚያሳጣው ምክር ይህ ነው። ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ1.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 50 ሊትር በሚይዝ ቦይለር ይህ ወደ ሦስት ሩብ ሊትር ይጠጋል። ቫልቩ ውሃው ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ስለሚያግድ ትርፉ በአፉ በኩል ይወጣል። ሲያሞቅ እያንጠባጠበ ሲጨርስ የሚያቆም ቫልቭ ሥራውን እየሠራ ነው። አፉ ከተደፈነና የሙቀት መቆጣጠሪያው ከተበላሸ ግን ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በርሜሉ በተቀደደ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና ግድግዳ ያፈርሳል። ጠብታው ካስቸገረዎ ከቫልቩ አፍ ወደ ፍሳሽ የሚወርድ ቱቦ ያስገጥሙ፤ ጫፉ ግን ምንጊዜም ክፍት ይሁን።

ተረት፦ «ሌሊት የሚያንጠባጥበው ሮቶው ስለሚጫነው ነው።»

እውነታ፦ ውሃ 1 ባር ግፊት እንዲፈጥር 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልገዋል። በ4 ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፤ በብዙ የቤት ቦይለር ቫልቮች ላይ ግን የተጻፈው 8 ባር ነው። ቦይለሩ ጠፍቶም የሚንጠባጠብ ከሆነ አንድም ሰው ሲተኛ የቀጥታው መስመር ግፊት ጨምሯል፣ አንድም አሸዋ ወይም ዝቃጭ የቫልቩን መክደኛ ከፍቶታል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው። ቦይለሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የቫልቩን እጀታ አንስተው ያጥቡት፤ ካልተሻለው ይቀየር። ግፊቱ ከበዛ መቀነሻ ይገጠም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስም የሙቁ ቧንቧ ያለማቋረጥ እስኪፈስ ድረስ ብሬከሩን አያብሩ፤ ሬዚስታንሱ ያለ ውሃ ከጋለ ይቃጠላል።

ተረት፦ «ውስጡ የሚጋገረው ነጭ ነገር ፍሎራይድ ነው፤ ውሃውን ማፍላት ያጠራዋል።»

እውነታ፦ ነጩ ቅርፊት በአብዛኛው ውሃው ሲሞቅ የሚዘቅጥ የካልሲየምና የማግኒዥየም ካርቦኔት ነው። ፍሎራይድ ግን በውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል፤ ሲፈላ እንፋሎቱ እየወጣ ስለሚሄድ እንዲያውም ይበልጥ ይጠነክራል። ይህን ማወቅ ለስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ብዙ የአካባቢው ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ፤ የልጆች ጥርስ የሚበልዘው፣ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችም አጥንት ላይ ጉዳት የታየው ለዚህ ነው። አዳማ ዛሬ ከአዋሽ ተስቦ የተጣራ ውሃ ታገኛለች፤ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ቤተሰቦች ግን ፍሎራይድ ለመቀነስ በተሠራ ማጣሪያ እንጂ በማፍላት አይድኑም።

ተረት፦ «የተበሳ በርሜል በብየዳ ይድናል።»

እውነታ፦ የብዙ ቦይለሮች በርሜል ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ብረት ነው። የብየዳው እሳት ልባጡን ስለሚያረግፈው ዝገቱ ከጎን ይቀጥላል። በርሜሉን የሚያቆየው ውስጡ የሚገባው የማግኒዥየም ዘንግ ነው፤ በብረቱ ፈንታ ራሱ እየተበላ ያልቃል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ተፈትሾ ከተቀየረ የቦይለሩ ዕድሜ ይረዝማል።

ተረት፦ «ጠብታው ትንሽ ስለሆነ መታጠብ ይቻላል።»

እውነታ፦ ውሃው ከሬዚስታንሱ ክዳን የሚወጣ ከሆነ 220 ቮልት የሚያልፍበትን ሽቦ ሊነካ ይችላል። ሲታጠቡ ትንሽ ንዝረት ከተሰማዎ ወዲያው ይውጡና ብሬከሩን ያጥፉ። ኧርዝ የሌለው ቦይለር ባያንጠባጥብም አደገኛ ነው።

ባለሙያ ሲጠሩ ሦስት ነገር ይንገሩት፦ ውሃው የሚወጣበትን ቦታ፣ የሚወጣበትን ሰዓት፣ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑን። ቫልቩን ልድፈነው ካለዎ ግን አይፍቀዱለት።