ለቢቸናና ለሞጣ አጥቂዎች፦ ከመፈረማችሁ በፊት



የዝውውር ወቅት በደረሰ ቁጥር ከቢቸና፣ ከሞጣና ከአካባቢያቸው ተመሳሳይ ጥያቄ ይደርሰኛል። «ሁለት ክለቦች ጠርተውኛል። አንዱ ስም ያለው ነው፣ ሌላው ብዙም አይታወቅም። የቱ ይሻለኛል?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ አጥቂዎች ናቸው። መልሴ አንድ ነው፦ የሚያሰልፍህ ክለብ ይሻልሃል። ዛሬ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላችሁ።

አጥቂ የሚመዘነው በጎል ነው። ጎል ደግሞ ሜዳ ላይ ላልቆመ ሰው አይመጣም። በ80ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የሚገባ ልጅ አንድ ጥሩ ኳስ ካገኘ ዕድለኛ ነው፤ ያችን ከሳተ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስታውሰው የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልቃል፣ ውሉም አብሮ ያልቃል።

ጌታነህ ከበደን እንይ። ዲላ ተወልዶ በደቡብ ፖሊስ በኩል ወደ ደደቢት የመጣ ልጅ ነው። በ2005 ዓ.ም. ደደቢት የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ በፊት መስመሩ ላይ እሱ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስታሸንፍም የአቻነቷን ጎል አገባ። ብዙም ሳይቆይ የደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ወሰደው። እዚያ ግን ቦታው አልጸናለትም፤ ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፕሪቶሪያ በውሰት ተሰጠ።

እኛ ዘንድ ከውጭ የተመለሰ ተጫዋች ያበቃለት ይመስለናል። ጌታነህ ግን ወደሚያውቀው ደደቢት ተመለሰና በ2009 ዓ.ም. 25 ጎል አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ቡርኪና ፋሶ ላይ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲያስቆጥር የወልቂጤ ከተማ ተጫዋች ነበር። የብሔራዊ ቡድናችን የዋልያዎቹ አምበል ከወልቂጤ ነው የሄደው! ክለቡ ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን እየተጫወተ ስለነበር ነው የተጠራው።

ሳላዲን ሰዒድም ተመሳሳይ ነገር ያስተምረናል። ከሙገር ሲሚንቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ወደ ግብጹ ዋዲ ደግላ፣ ወደ ቤልጂየሙ ሊርስ፣ ወደ አል አህሊ፣ ወደ አልጄሪያው ኤምሲ አልጀር ተጉዟል። አል አህሊ በስም ከሁሉም ይበልጣል፤ ሳላዲን ግን እዚያ ብዙ ጨዋታ አላገኘም። ወደ ጊዮርጊስ ሲመለስ ነው ጎሉም የተመለሰው። በ2009 ዓ.ም. ክለቡ የኮንጎውን ኤሲ ሊዮፓርድስን ጥሎ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ሲገባ ወሳኞቹን ጎሎች ያስቆጠረው እሱ ነበር። ለኢትዮጵያ ክለብ ያ የመጀመሪያው ነው።

«ትንሽ ክለብ ብገባ ማን ያየኛል?» የምትሉ አላችሁ። የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል ሲያስቆጥር የሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መታየት ጀምረው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስፈረመው። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ስዊድን ደርሳ ተመልሳ ለአዳማ ከተማ ስትጫወት ቆይታ ነው ወደ ማልታው ቢርኪርካራ የሄደችው፤ በኋላም አሜሪካ ደርሳለች። ፍቅሩ ተፈራ ደግሞ ደቡብ አፍሪካና አውሮፓ ዞሮ ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ኮልካታ ላይ በ27ኛው ደቂቃ ኳሷን ከበረኛው አናት በላይ ቀስ አድርጎ አሳልፎ መረብ ላይ አሳረፋት፤ ወዲያው አየር ላይ ተገለባብጦ ደስታውን ገለጸ። የሕንድ ሱፐር ሊግ የመጀመሪያዋ ጎል ያቺ ናት። የሚጫወት ሰው ይታያል።

እና ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. በእኔ ቦታ ስንት አጥቂ አለ? አሰልጣኙ የሚጫወተው በአንድ አጥቂ ነው በሁለት? በአንድ አጥቂ የሚጫወት ቡድን ሦስት ነባር አጥቂዎች ካሉት አራተኛው አንተ ነህ።

2. ውሉ ምን ይላል? የዓመቱ ብዛት፣ ደመወዙ፣ የሚከፈልበት ቀን ተጽፏል? በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ አይፈርምም። ክለቡ ያለ አግባብ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አሳውቆ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን የማቋረጥ መብት እንዳለውም ይኸው ደንብ ይላል። ስለዚህ የውሉ አንድ ቅጂ እናንተ እጅ ይቅር። ቅጂ ሳይዙ ፈርመው ለአቤቱታ የሚያቀርቡት ያጡ ልጆች አውቃለሁ፤ ያሳዝናል።

3. ቴሴራዬ (የተጫዋችነት መታወቂያዬ) ላይ የተጻፈው የትውልድ ዘመን እውነተኛው ነው? ዕድሜ ቀንሶ የጀመረ ልጅ ነገ የትምህርት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ይጋጩበታል።

አሁን ደግሞ ለአሰልጣኞችና ለወጣቶች ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች አንድ ቃል። አንድ ተጫዋች በክፍያ ወደ ውጭ ሀገር ክለብ ሲዘዋወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ፊፋ ደንግጓል። ይህን ገንዘብ የሚያገኘው ግን በሕጋዊነት የተመዘገበና ልጁንም በስሙ ያስመዘገበ ክለብ ብቻ ነው። የእኛ የታዳጊዎች ሥልጠና ፕሮጀክት ልጆች ለዓመታት ሲሠለጥኑ ስማቸው ያለው አብዛኛውን ጊዜ አሰልጣኙ ደብተር ላይ ነው። የአሰልጣኙ ልፋት ከንቱ እንዳይቀር ክለብ ሆኖ መመዝገብ፣ ልጆቹንም በፌዴሬሽኑ በኩል በየዓመቱ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ኳስ፣ ማሊያና መረብ የሚገዛው ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ወላጆችም ውሉን ሳታነቡ ልጃችሁን አታስፈርሙ። የማያነብ ወላጅ ካለ መምህር ወይም የሕግ ባለሙያ ጎረቤት ያንብብለት። እኔም ዘንድ ላኩት፤ የገባኝን ያህል አስረዳለሁ። ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት አጥቂ አድርሱልኝ፤ ዘንድሮ የሚፈርም አንድ ልጅ እንኳ «ትሰለፋለህ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከፊርማው ገንዘብ አስቀድሞ ቢያስብበት ደስታዬ ነው።