ቢጫ ቅጠል ሁሉ አመድ አይፈልግም

«ቤት ውስጥ በባልዲ የተከልኩት ጎመን ቢጫ ሆነ፤ አመድ ልጨምር?» የሚል ጥያቄ ከወልቂጤም ከቡታጅራም በዝቶብኛል።

መጀመሪያ የባልዲውን ቀዳዳ እዩ፤ ውሃ አቁሮ ሊሆን ይችላል።

አመድ የሚጠቅመው ለአሲዳማ አፈር ነው። ዝናብ ከሚበዛበት ከጉመር ደጋ የመጣ አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው። ከቡታጅራ ወደ ስምጥ ሸለቆ ያለው ግን እምብዛም አያስፈልገውም። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፣ ፎስፈረስም ይታሰራል።

ኮምጣጤ ጠብ አድርጎ «አረፋ የለም፣ አሲድ ነው» ማለት አያስኬድም፤ ኖራ የለበትም ማለት ብቻ ነው። ጀሶም (ሻጩ ምንም ቢላችሁ) ፒኤች አያነሳም።

አሲዳማ ከሆነ፣ ለ10 ሊትር ባልዲ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነፋ የእንጨት አመድ ከመትከል በፊት አዋህዱ። ከዩሪያ ጋር ግን አትቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።

አፈሩን ከየት እንዳመጣችሁ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።