ፖርቶመጋላና የጣሪያ ሣጥን፦ ጭነቱ የት ይቀመጥ?

ከሳሪስ በቃሊቲ አድርጎ ወደ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥቂት የቆመ ሰው የሀገሩ ግማሽ ጓዝ በመኪና ጣሪያ ላይ ሲጓዝ ያያል። ፍራሽ፣ ጄሪካን፣ የታሰረ ቆርቆሮ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ በበዓል ዋዜማ ደግሞ በግ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ደቡብ የሚወጣው ሚኒባስም ሆነ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ የጫነችው አሮጌ ላዳ ያለ ፖርቶመጋላ ሥራቸው አይሞላም። መኪና ሲሻሻጥ ግን ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ጎማው ሰዓታት ይወራል፤ ፖርቶመጋላው “አለው” ተብሎ ይታለፋል። ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ የዚህን ያህል አገልግሎ የዚህን ያህል የተናቀ አላውቅም።

መሠረቱ ቀላል ነው። ሁለት አግዳሚ ብረቶች ጣሪያውን አቋርጠው ይቀመጣሉ፤ በእነሱ ላይ ወይ የብረት ፍርግርግ ወይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ይታሰራል። እግሮቹ የሚይዙት እንደ መኪናው ነው። ላዳና የቀድሞዎቹ ላንድክሩዘሮች በጣሪያቸው ጠርዝ የዝናብ መውረጃ ከንፈር ስላላቸው እግሩ እሱን ነክሶ ይይዛል። ሌሎች ከፋብሪካ የተገጠመ ቁመታም ሐዲድ አላቸው። ጣሪያቸው ልሙጥ የሆነ ትናንሽ መኪኖች ደግሞ በበሩ ክፈፍ ላይ በሚጨብጥ መያዣ ይታሰርላቸዋል፤ ይህ ለየመኪናው ልክ የተሠራ መሆን አለበት። የቪትዝን መያዣ ለሌላ መኪና “ይሄዳል” ብሎ የሚሸጥልዎትን ሰው አይመኑት።

አሁን አሁን ከቱሉ ዲምቱ በሚነሣው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሩፍ ቦክስ የሚባለው ሣጥን እየበዛ መጥቷል። በዚህ ዕቃ በዓለም ላይ ስሙ የታወቀው የስዊድኑ ቱሌ በ1942 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ለዓሣ አጥማጆች የዓሣ ወጥመድ ይሸጥ ነበር፤ ወደ መኪና ጣሪያ የመጣው በኋላ ነው። የሣጥኑ ሹል ጫፍ ወደፊት፣ ደልዳላው ወደኋላ ይሆናል። ይህን መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር፤ በአንድ የበዓል ሰሞን ክፍያ ጣቢያው ላይ ስንሰለፍ ግን ከፊቴ የቆመው መኪና ሣጥኑን ገልብጦ ደልዳላውን ለነፋስ ሰጥቶ አየሁት። ወርጄ ነገርኩት፤ ባለመኪናው ሲገዛው እንዲሁ ተገጥሞ እንደነበር ነገረኝ። ሌላም አለ፦ ክዳኑ በአንድ ጎን ብቻ የሚከፈት ከሆነ የሚከፈተው ጎን በቀኝ መሆን አለበት። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መንገድ ዳር ስንቆም የእግረኛው ወገን ቀኙ ነው። በግራ ከሚነዳባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ ከጃፓን፣ የመጣ ያገለገለ ሣጥን በተቃራኒው ሊከፈት ይችላል፤ ያኔ ሻንጣ የሚያወርደው ሰው ጀርባውን ለሲኖትራክ ሰጥቶ መቆሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ሰው የጣሪያ ጭነት ገደቡ ገመዱ ይመስለዋል። “ጥሩ ገመድ አለኝ፣ አጥብቄ አስሬዋለሁ” ይላል። ሣጥን የገዛ ደግሞ ሊትሩን ይቆጥራል፤ 400 ሊትር ይይዛል ከተባለ 400 ሊትሩን በሙሉ በእህልና በቅቤ ይሞላዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ገደቡ የጣሪያው ነው። ለብዙዎቹ የቤት አውቶሞቢሎች አምራቹ የሚፈቅደው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ባለው ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል። በዚያ ቁጥር ውስጥ የአግዳሚዎቹና የሣጥኑ የራሳቸው ክብደት ይቆጠራል። አንድ ምሳሌ እንሥራ። የተፈቀደው 75 ኪሎ ነው እንበል። ባለ 40 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በሜትር ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል፤ 12 ሜትር የፈጀ ፖርቶመጋላ ገና ባዶውን 20 ኪሎ ገደማ ነው። ላዩ ላይ 20 ኪሎ ሣጥን ሲጨመር ለዕቃው የሚተርፈው 35 ኪሎ ብቻ ነው። አቃቂ ውስጥ ፖርቶመጋላ የሚበይዱ አንድ አዛውንት፣ ደንበኛቸው “አባባ፣ ወፍራም ብረት ይሁንልኝ” ሲላቸው “ልጄ፣ ብረቱንስ የሚሸከመው ማን ይመስልሃል?” ብለው ሲመልሱ ሰምቻለሁ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየትም አላገኘሁም።

ጣሪያው ቢችለው እንኳ ጭነቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። 1,000 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ላይ የሆነ ትንሽ መኪና እናስብ። አንድ ኩንታል ጤፍ ጣሪያው ላይ፣ ከመሬት 165 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ቢጫን ማዕከሉ ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በአንድ ኩንታል አሥር ሴንቲ ሜትር! ያው ኩንታል ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ቢሆን ኖሮ ማዕከሉ ከነበረበት አይወጣም። አሥር ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ትመስላለች። አህያ ወይም ልጅ ድንገት ዘልቆ መሪውን ወደ ግራ ከዚያም ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ግን ጣሪያው ዘግይቶ ይከተልዎታል፣ ባሌስትራው ያቃስታል፣ መኪናው በአንድ ጎኑ ይንጋደዳል። ሚኒባስ ከመነሻውም ቁመታም ስለሆነ ነገሩ ይብስበታል። ስለዚህ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ውሃው፣ የመኪና መለዋወጫው ታች ይጫን፤ ጣሪያው የቀላልና የሰፊ ዕቃ ቦታ ነው፦ ብርድ ልብስ፣ ልብስ፣ ባዶ ጄሪካን፣ መሶብ።

ቀላል ስል ግን ፍራሽን ነጥዬ ማንሣት አለብኝ፤ ስለ እሱ ያለው አስተሳሰብ ያሳስበኛልና። የፎም ፍራሽ ሁለት ሰው ያለችግር ይሸከመዋል፤ ስለዚህ በሲባጎ ይታሰራል፣ አንዳንዴም ሾፌሩና ጓደኛው በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ይይዙታል። በሠፈር መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ምንም አይሆንም። የነፋስ ግፊት ግን ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ70 ወደ 100 ኪሎ ሜትር መጨመር ብቻ ግፊቱን በእጥፍ ያሳድገዋል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ፍራሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ አፍንጫው ተነሥቶ ቢቆም ነፋሱ የሚገፋው ከመቶ ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ነው። የማንም እጅ ይህን አይዝም። ፍራሽ ከሁሉ አስቀድሞ በፊት ጫፉ ይታሰራል፤ ገመዱ ወደፊትና ወደታች ወርዶ በመኪናው ፊት ባለው የመጎተቻ ቀለበት ይያያዛል። የጎኑ ገመድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሰፊ ቺንጋ ለሚያስሩ አንዲት ብልሃት ልጨምር፦ ቺንጋው በነፋስ እየተንቀጠቀጠ የሚያሰማውን ጩኸት አንዴ ጠምዘዝ ቢያደርጉት ይተወዋል።

ሣጥኑ ከፊትና ከኋላ የት ይቁም የሚለውም እዚሁ ላይ ይመጣል። በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል መመሪያው ያዘዘው ርቀት ይኑር፤ ብዙ ጊዜ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሲጠብ ሣጥኑ ከፊትና ከኋላ እየተወዛወዘ ማሰሪያውን ያላላዋል። ከባዱ ዕቃ በሁለቱ መካከል፣ ከሥር፣ ከግራና ከቀኝ እኩል ይቀመጥ፤ ጫፍና ጫፉ ለቀላሉ ይተው። ከዚያ የኋላውን በር ቀስ አድርገው እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ሣጥኑን ከነካ ሣጥኑ ወደፊት ይገፋ። ይህን ሳያዩ ብሎኑን አጥብቀው ሄደው፣ ሐዋሳ ሲደርሱ በሩን በኃይል ሲከፍቱ መስታወት የሚሰብሩ አሉ። ወደፊት ሲገፋም ልክ አለው፦ አፍንጫው ከፊት መስታወቱ በላይ ብዙ ከወጣ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ያነሣዋል።

ነዳጁን በአጭሩ ልናገር። የአሜሪካ መንግሥት ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው መረጃ መሠረት ትልቅና ግንባረ ደልዳላ ሣጥን መኪናው በአንድ ሊትር የሚሄደውን ርቀት በከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በፈጣን አውራ ጎዳና ደግሞ ከ10 እስከ 25 በመቶ ይቀንሰዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ አያመልጡም፤ የሚቀንሰው የአንድ ቻርጅ ርቀታቸው ነው። ብዙዎቹ ጣሪያቸው መስታወት ስለሆነ አግዳሚ ይፈቀድላቸው እንደሆነ መመሪያው ሳይታይ ብየዳ ቤት መሄድ አይገባም። ለማንኛውም መኪና፣ በዓሉ ሲያልፍ ሣጥኑ ይውረድ። ባዶ ሣጥን ተሸክሞ ዓመቱን ሙሉ ከቃሊቲ ፒያሳ መመላለስ በየቀኑ ለነፋስ ግብር መክፈል ነው።

በጉን አልረሳሁትም። ጣሪያ ላይ ያለ እንስሳ የሚንቀሳቀስ ጭነት ነው፤ ቦታውን በየመታጠፊያው ይቀይራል፣ ሲደነግጥ ይዘላል፣ እግሩ በገመድ ሲታሰር ይሠቃያል። ከአቃቂ የከብት ገበያ በግ የሚገዙ ቤተሰቦች የሚኒባስ ረዳቱ “ላይ ይጫናል” ሲላቸው እምቢ ቢሉ ደስ ይለኛል። ጭነት ማመላለሻ ፒክአፕ እዚያው አለ።

የፍጥነት መንገዱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ቆሞ ማሰር አደገኛ ነው። ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ከመድረስዎ በፊት ከመንገዱ ወጣ ብለው ይቁሙ፤ ከቤት እስከዚያ ያለው መንገድ አዲስ የታሰረን ብሎን ለማላላት በቂ ነው። አራቱንም እግሮች በእጅ ይነቅንቁ፣ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ፣ የሣጥኑ ቁልፍ መዘጋቱን ይዩ፣ ከዚያ ይሂዱ።