ተጨማሪ መረጃ፦ ድርጅት ሙያን እንዴት ይወርሳል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ሥራ አስኪያጁም፣ አብራሪዎቹም፣ የጥገና ባለሙያዎቹም በአብዛኛው ቲደብሊዩኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በውል የመጡ ነበሩ። በ1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያው መደበኛ በረራም የተከናወነው በእነሱ አሠራር ነው።

ኢኮኖሚስቶቹ ሪቻርድ ኔልሰንና ሲድኒ ዊንተር በ1982 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የአንድ ድርጅት ዕውቀት የሚኖረው በየዕለቱ በሚደጋገም አሠራሩ ውስጥ ነው ይላሉ። ከዚህ ዕውቀት ብዙው በጽሑፍ አይሰፍርም። የጥገና መመሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ የትኛው የሞተር ድምፅ እንደሚያሰጋ የሚለይ ጆሮ ግን ከአንጋፋ ባለሙያ ጎን ሆኖ በመሥራት ብቻ ይገኛል።

በአየር መንገዱም ይህ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ ለመተላለፍ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1960ዎቹ የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ፤ በ1971 ደግሞ የዋና ሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ኢትዮጵያዊ ያዘው።

አሠራሩ ሲዳብር የድርጅቱ ወሰንም ሰፋ። ማንኛውም ድርጅት የትኛውን ሥራ ራሱ እንደሚሠራ፣ የትኛውን ከውጭ እንደሚገዛ መወሰን አለበት። አየር መንገዱ ጥገናን፣ ሥልጠናንና የበረራ ምግብ ዝግጅትን በራሱ ሥር አደራጀ፤ የጥገናና የሥልጠና አገልግሎቱንም ለሌሎች የአፍሪካ አየር መንገዶች ይሸጣል። በ2010 ሎሜ ላይ ሥራ ለጀመረው አስካይ አየር መንገድ ስትራቴጂያዊ አጋር ሆነ። በ2017 ደግሞ የአገሪቱ ኤርፖርቶች አስተዳደር ወደ አየር መንገዱ ግሩፕ ተጠቃለለ።