«ወልደሽ ሳሚ» የማይባልበት አምባ

በሐይቅና በአምባሰል ምድር ለሴት ልጅ፣ ገና እጅ ለማስታጠብ ውኃ መያዝ ከምትጀምርበት ዕድሜ አንሥቶ የሚወርድላት ምርቃት «ወልደሽ ሳሚ» የሚል ነውና፣ ያልወለደች ሴት ምን ብትማር፣ ምን ብትጽፍ፣ ምርቃቱ ሳይደርሳት እንደ ቀረ ተቈጥራ በሐዘኔታ ትታያለች። ነገር ግን በዚያው በአምባሰል፣ በግሸን ደብረ ከርቤ ላይ፣ ሳትወልድ ለመኖር የቈረጠች ሴት በክብር የምትኖርበት ሥርዓት፣ ሥርዓተ ምንኵስና፣ አለ።

በዚህ በር ከገቡት አንዷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ከከንቲባ ገብሩ ደስታ የተወለዱት፣ በቀድሞ ስማቸው የውብዳር የተባሉት እኒህ ሴት፣ በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ወደ ስዊስ ተልከው ሙዚቃ ተምረው፣ በወረራው ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው፣ ከግዞት መልስም በካይሮ ከሙዚቃ መምህሩ ከኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን አደርጅተው ሳለ፣ በለንደን እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ፈቃድ በመከልከሉ ቢቀርባቸው፣ እህል እስኪተዉ ድረስ አዘኑ፤ በ21 ዓመታቸውም ግሸን ወጥተው ቆብ ደፉ። ላለመውለድ ብለው መነኰሱ አልልም፤ ሐዘናቸው ስለ ሙዚቃ ነበር።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባጸኑት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አትገባም። ግሸን ግን፣ ነገሥታት የዙፋን ተሻሚ እንዳይነሣባቸው የገዛ ዘመዶቻቸውን ያግዙበት የነበረው ያ አምባ፣ ስለ ዘር ብዙ እንባ የፈሰሰበት ያ አምባ፣ ዘር ላለመተካት የቈረጠችን ሴት በፈቃዷ ተቀበለ። እማሆይም ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ጫማ በዚያ ድንጋይ ላይ ተመላለሱ። ፈረንሳዊቷ ሲሞን ደ ቦቯር፣ እናትነት የሴት ሁሉ ዕጣ አይደለም ብላ «ሁለተኛው ጾታ» የተባለውን መጽሐፏን በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣችው፣ እሷም እስከ ዕለተ ሞቷ ሳታገባና ሳትወልድ የኖረችው፣ በዚሁ ዘመን ነው። ወይዘሮ ስንዱም በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ ተመርጠው ስለ ሴቶች መማር በአደባባይ ተሟገቱ። እማሆይ አልተሟገቱም፤ ኖሩት።

ከግሸን ወርደው በጎንደር የቆሎ ተማሪዎች ሲቸገሩ አይተው ነበርና፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን ባሳተሙት የመጀመሪያ ሸክላ የተገኘውን ገንዘብ ለድኻ ልጆች አዋሉት፤ ከድርሰቶቻቸውም አንዱ «የእናት ፍቅር» ይባላል። በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ዓመታት ቈይተው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንደ እኔ ሐሳብ፣ ያ ሳይወልዱ የመኖር ክብር ለቆቡ ብቻ መሰጠቱ ግፍ ነው። ዛሬ በሐይቅ ከተማ መምህርት ወይም ነርስ ሆና፣ አስኬማ ሳትለብስ፣ በሙሉ ልቧ «አልወልድም» የምትል ሴት ብትገኝ፣ ሽማግሌ ይላክባታል፣ ጠበል ይፈለግላታል፣ እናቷም በዕድር በማኅበሩ ስለ ልጇ ምክንያት ስትደረድር ትከርማለች።