ከምጽዋቱ በፊት ያለው ዕዳ

በግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ የሆኑት ሚስተር ቢል ጌትስ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆመው፣ በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት በድርጅታቸው አማካይነት ሊሰጡት ካሰቡት 200 ቢሊዮን ዶላር አብላጫው ለአፍሪካ እንደሚውል ባስታወቁ ጊዜ፣ ዜናው ብዙዎችን ደስ አሰኘ፤ ደስታውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህን የሚያህል ሀብት በአንድ ሰው እጅ መከማቸቱ በቀደመው ዘመን ለነገሥታት እንኳ ያልተሰጠ ነገር ሲሆን፣ ባለቤቱ በሕይወተ ሥጋ ሳለ ለድኆች ላካፍለው ማለቱ የሚያስመሰግን ሐሳብ መሆኑን የሚክድ ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ይሁን እንጂ ማመስገንና መጠየቅ የሚጋጩ ነገሮች ስላልሆኑ፣ የዘመኑ የቴክኖሎጂ ባለጸጎች የሚሰጡትን ስጦታ፣ የከፊሎቻቸውም ሀብት የተገኘበትን የማኅበራዊ መገናኛ ሥራ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወገን ቆመን ልንመረምረው ይገባናል።

ክልሉን የመረጥነው ስለ ርቀቱ አይደለም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር፣ ከሌሎች የኢትዮጵያ ክፍሎች የመጡ ብዙ ወገኖችም መኖሪያ ነው፤ ወርቁን ለነገሥታት ሲገብር የኖረ፣ ዛሬም በጉባ ወረዳ ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ያቀፈ ምድር ነው፤ ለነገራችን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው፣ ከሩቅ አገር በበጎ ፈቃድ የተላከ ስጦታ በአንድ መንደር ላይ ምን እንደሚያደርግ ከአርባ ዓመት በፊት አይቶ የሚያውቅ መሆኑ ነው።

ረኀብ ወሎንና ትግራይን በፈጀበት ዘመን፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ ላይቭ ኤድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎ፣ በቴሌቪዥን ያየው የዓለም ሕዝብ እያለቀሰ ገንዘቡን ሰጠ። በእነዚያው ዓመታት የደርግ መንግሥት ስድስት መቶ ሺሕ ያህል ሰዎችን ከሰሜን እያነሣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ አሶሳና ዛሬ የክልሉ አንድ ዞን በሆነው በመተከል የሚገኘው ፓዌ ከዋነኞቹ የሰፈራ ጣቢያዎች መካከል ነበሩ። ከደጋ የወረደው የወሎ ገበሬ ሰውነቱ ያልለመደው የወባ በሽታ ከሚነግሥበት ቆላ ገባ፤ ብዙውም በዚያው ቀረ። ጉሙዙም አባቶቹ ያደኑበትንና እያፈራረቁ ያረሱትን ጫካ፣ ማንም እርሱን ሳይጠይቅ ትራክተር ሲገለብጠው አየ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር የፈረንሳይ ክፍል፣ ለረኀብተኛ የተሰጠው እርዳታ ሰውን ያለ ፈቃዱ ለማስፈር መሣሪያ ሆኗል ብሎ በግልጽ በመናገሩ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ፤ ሌሎቹ ግን ሥራችን ይስተጓጎላል ብለው አብዛኞቹ ዝም አሉ። የኢጣልያ መንግሥት ደግሞ በጣና በለስ ፕሮጀክት ስም በፓዌ መንገድና ሆስፒታል አሠራ፤ ሥራውን የያዘው ሳሊኒ ኩባንያ ሲሆን፣ ኋላ የዓባይን ግድብ የገነባውም ይኸው ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፤ የውጭ አገር ሰዎች ሄዱ፤ ሰፋሪውና ነባሩ፣ በመካከላቸውም ያለው የመሬት ጥያቄ እዚያው ቀሩ።

የሰጪዎቹን የልብ ቅንነት ማንም አይጠራጠርም። የጎደለው፣ ተቀባዩ፣ ይልቁንም ስጦታው በመሬቱ ላይ የሚያርፍበት ሰው፣ ሐሳቡን ያለመጠየቁ ነው። ዛሬም የሚያሳስበን ይኸው ነው። በአሶሳ ዙሪያ፣ በባምባሲና በኩርሙክ ሕፃናት በአጎበር ሥር ተኝተው ከወባ ሲጠበቁ፣ ለኢትዮጵያ አጎበርና ክትባት ከሚውለው ገንዘብ ከፊሉ ጌትስ ፋውንዴሽን ግሎባል ፈንድና ጋቪ በተባሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል የሚሰጠው ነው፤ የልጇ ትኩሳት የሚያስጨንቃት እናት ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደ ወጣ እንድትመረምር መጠበቅ ጭካኔ ይሆናል። የመጠየቅ ግዴታ ያለብን እኛ ጊዜና ፊደል ያለን ነን። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 አግራ የተባለውን የአፍሪካ የአረንጓዴ አብዮት ማኅበር ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ጋር ሲመሠርት፣ እስከ 2020 ድረስ የብዙ ሚሊዮን አነስተኛ ገበሬዎችን ምርትና ገቢ በእጥፍ ለማሳደግ ተነሥቶ ነበር፤ ዘመኑ ሲደርስ ዓላማው አልተፈጸመም፤ ገበሬውም ዕቅዱን ያወጡትን ሰዎች የሚሽርበት ሸንጎ አልነበረውም። የመንግሥት ሹም ቢያጠፋ፣ ቢያንስ በሕግ አሳብ፣ የሚጠየቅበት ወንበር አለ፤ ባለጸጋው ግን የትኛው በሽታ እንዲቀድም፣ የትኛው ዘር እንዲዘራ በፈቃዱ ይመርጣል፤ ከሕዝብ አልተሾመምና ሕዝብ አይሽረውም።

የፈቃድ ነገር ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ በዚያው በ2017 ዓ.ም. ታየ። ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዝተው ኤክስ ብለው የሰየሙት ሚስተር ኢሎን መስክ፣ በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ ሥልጣን አግኝተው የመንግሥቱን የውጭ እርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድን ሲያፈርሱ፣ የፈረሰበትን ቀን በዚያው በገዙት ገጽ ላይ እንደ ድል ጻፉት። በኢትዮጵያ በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል የገቡት፣ በአሶሳ አካባቢ በኡራ መጠለያ የሰፈሩትም ስደተኞች እንጀራቸው የተንጠለጠለው በእንዲህ ያለ የውጭ እርዳታ ላይ ነው። ሚስተር ጌትስ ሚስተር መስክን በአደባባይ ወቀሷቸው፤ ወቀሳውም የተገባ ነበር። ነገር ግን የሚሰጠውም የሚነሣውም እግዚአብሔር ብቻ ነው ሲባል በኖረበት አገር፣ አንዱ ባለጸጋ ሰጪ ሌላው ነሺ ሆነው ሲከራከሩ፣ ስጦታው የሚሰጠውና የሚነሣበት ሰው በክርክሩ ውስጥ ድምፅ የሌለው መሆኑ ልብን ሊያሳዝን ይገባል።

ወደ ሦስተኛው ባለጸጋ እንለፍ። የፌስቡክ መሥራች ሚስተር ማርክ ዙከርበርግና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፕሪሲላ ቻን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው በተወለደች ጊዜ፣ በዚያን ቀን 45 ቢሊዮን ዶላር ከሚያህለው የፌስቡክ አክሲዮናቸው 99 በመቶውን በዕድሜያቸው ሙሉ ለበጎ ሥራ እንደሚያውሉ ቃል ገቡ። የተቋቋመው ድርጅት ግን በሕግ የምጽዋት ድርጅት ሳይሆን ኩባንያ ነው፤ ስለዚህም በትርፍ ሥራ ገንዘብ ማዋልም፣ በፖለቲካ ጉዳይ መግባትም አይከለከልም። ከዓላማዎቹ አንዱ በዚህ ምእት ዓመት መጨረሻ በሽታን ሁሉ ማዳን፣ መከላከል ወይም መቆጣጠር ነው። እንዴት ያለ ታላቅ አሳብ ነው! ለዚህ አሳብ ስንቅ የሚሆነው ሀብት ከየት እንደሚመጣ ስንጠይቅ ግን መንገዱ ወደ መተከል ይወስደናል።

ፌስቡክ ከአብዛኛው ተጠቃሚው ሳንቲም አይቀበልም። ዛሬ ሜታ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያገኘው 164 ቢሊዮን ዶላር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከማስታወቂያ የመጣ ነው፤ ማስታወቂያውም ዋጋ የሚያወጣው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ በቆየ መጠን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የቱ ጽሑፍ ቀድሞ እንዲታየው የሚወስነው የሒሳብ ሥርዐት፣ ብዙ መልስና ብዙ ቅብብል የሚያስነሣውን ወደ ላይ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከኩባንያው የወጡ ሰነዶች እንዳስረዱት፣ በአንድ ወቅት የቁጣ ምልክት ከተራው የመውደድ ምልክት አምስት እጥፍ ይመዘን ነበር። ኩባንያው በገበያው መካከል ነጋሪት አቁሞ፣ መምቻውን አብዝቶ ለሚጮኸው እንደሚያቀብል ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

የመተከልን የግጭት መከራ የፈጠረው ፌስቡክ ነው የሚል የለም፤ ቢኖርም ተሳስቷል። የመሬት ጥያቄው፣ የአስተዳደር ይገባኛል ባይነቱ፣ የታጠቁት ቡድኖች፣ ይልቁንም ከላይ ያነሣነው የሰፈራ ታሪክ ከስልኩ ይቀድማሉ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች በተኙበት ሲገደሉና ቤታቸው ሲቃጠል፣ ገዳዮቹ የመጡት በእግራቸው እንጂ በገጽ ላይ አልነበረም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ እልቂት በኋላ መተከልን በዓይናቸው ያላዩ፣ በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም የሚኖሩ ሰዎች፣ አንዱን ሕዝብ በጅምላ ገዳይ፣ ሌላውን በጅምላ ወራሪ እያሉ ሲጽፉ፣ ያ የሒሳብ ሥርዐት የሽማግሌውን የዕርቅ ቃል ከታች፣ የእነርሱን ጩኸት ከላይ አደረገው። ለቅሶ ገና ሳይወጣ በቀል ተሰበከ።

ስለ እውነት ሌላውንም ገጽ መናገር ይገባል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የታጠቁ ሰዎች በጉባ ወረዳ በአይሲድ ቀበሌ አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ በእሳት ሲያቃጥሉ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጨ። ምስሉ ባይወጣ ኖሮ ያ ግፍ በጫካ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ድርጊቱ መፈጸሙን አምኖ አጥፊዎቹ በሕግ እንዲጠየቁ እንደሚያደርግ ያስታወቀው ምስሉ ዓለምን ከዞረ በኋላ ነው። ስለዚህ መገናኛውን ዝጉት የሚለው መድኃኒት የግፈኛውንም ምኞት የሚፈጽም ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. አንሥቶ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ሲዘጉ፣ የተጎዳው ነገር አባባሹ ብቻ አልነበረም።

የሚጠየቀው መዝጋት ሳይሆን ኀላፊነት ነው። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ወይዘሮ ፍራንሲስ ሆገን በመስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ አሠራሩ በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እያራገበ መሆኑን መሰከሩ። ካወጧቸው ሰነዶች መካከል አንዱ፣ ሐሰተኛ ወሬን ለመለየት ከሚውለው ሀብት 87 በመቶው ለአሜሪካ እንደሚውልና ለቀረው ዓለም ሁሉ 13 በመቶ ብቻ እንደሚደርሰው ያመለክታል። ኩባንያው በበኩሉ በኢትዮጵያ ብዙ ጥረት እንዳደረገ ገልጾ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ የሚጻፈውን ለመመርመር የሚችሉ ሰዎች እንዳሉት ተናገረ። አንባቢ ሆይ፣ ዝርዝሩን እንደገና ተመልከተው፤ በርታኛ የለም፤ ጉሙዝኛ የለም፤ ሺናሽኛ፣ ማኦኛ፣ ኮሞኛ የሉም። አንድ ሰው በጉሙዝኛ ወንድሙን ግደለው ብሎ ቢናገር የሚሰማ፣ አትግደለው ብሎ ቢማልድም የሚያደምጥ በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

በአማርኛ የተጻፈውስ? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዐረግ አማረ፣ ስማቸውና መኖሪያቸው በፌስቡክ ላይ ከክስ ጋር ወጥቶ፣ ቤተሰባቸው እንዲነሣ እየለመነ ሳለ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዐረግ፣ አቶ ፍስሐ ተክሌና ካቲባ ኢንስቲትዩት የተባለው የኬንያ ድርጅት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ኩባንያውን ከሰሱ፤ ለተጎጂዎች መካሻ የሚሆን ገንዘብ እንዲቋቋም፣ በቂ መርማሪዎችም እንዲቀጠሩ ጠየቁ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ከዚህ ውሳኔ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ እኛ የልደትን በዓል ስናከብር በዋለው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ሚስተር ዙከርበርግ በአሜሪካ የወሬ እውነትነት አጣሪዎችን ማሰናበታቸውን አስታውቀው ነበር።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሁሉ የሚያውቁት የዘኬዎስ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ባለጸጋው ቀራጭ በቤቱ ተነሥቶ ሲናገር ሁለት ነገር ለይቶ ተናገረ፤ ለድኆች የሀብቱን እኩሌታ ሰጠ፣ የበደለውን ግን አራት እጥፍ ሊመልስለት ቃል ገባ። የሰጠው ስጦታ የበደለውን ዕዳ አልከፈለለትም፤ እርሱም ይከፍልልኛል አላለም። የአሶሳ ሙስሊሞችም ዘካ ከሐላል ሀብት እንደሚወጣ፣ የሰው ሐቅ ደግሞ ለባለቤቱ እንጂ በሰደቃ እንደማይመለስ ይማራሉ። ከባለጸጎቹ ማኅበር የጎደለው ይህ ልየታ ነው። በሽታን ሁሉ ለማጥፋት የሚሰጠው ቢሊዮን ቢመሰገንም፣ በናይሮቢ የተጠየቀው ካሳ ከእርሱ ጋር ሊቻቻል የማይችል ሌላ ሒሳብ ነው።

ሕዝቡ መስጠትን የማያውቅ ሆኖ አይደለም ይህን የምንለው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የጉባው ግድብ፣ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ከፍሎ፣ ገበሬው ቦንድ ገዝቶ፣ ተማሪው በ8100 አጭር መልእክት ሳንቲሙን ልኮ የተሠራ ነው፤ አንዳቸውም ስማቸው በግንቡ ላይ አልተጻፈም። በዚህ በጎ ሥራ እንኳ ለውሃው ሲባል ከዓባይ ዳር የተነሡት በሺሕ የሚቆጠሩ የጉሙዝ ሰዎች ድርሻ በበቂ አልተነገረም፤ ከሁሉ የበለጠውን የሰጡት እነርሱ ናቸውና ብዙ ሊጻፍላቸው ይገባል።

ስለዚህ ከሜታም ሆነ ከመሥራቹ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚጠይቀው በሚከተለው የተወሰነ ነው፤ የክልሉን አምስት ቋንቋዎች የሚሰሙ መርማሪዎች ይቀጠሩ፤ በእልቂት ወቅት ቁጣን ወደ ላይ የሚያወጣው ሚዛን ይቀየር፤ የካሳው ገንዘብም ሲገኝ የመተከል ተጎጂዎች ይግቡበት፤ አከፋፈሉንም ሰጪው ሳይሆን ፍርድ ቤትና የአገር ሽማግሌዎች ይወስኑት። ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከሚመረቁት ወጣቶች መካከል በእነዚህ ቋንቋዎች አፋቸውን የፈቱ ስላሉ፣ ኩባንያው የሚቀጥረው ሰው አጣሁ ብሎ ሊያመካኝ አይችልም።