የወለቃ ሸክላ በጎረቤት እጅ

ከሞጣ ተነሥቶ ባሕር ዳርን አልፎ ጎንደር የዘለቀ መንገደኛ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃን ያገኛል። መንገዱ ዳር የሸክላ ምስሎች ተደርድረዋል፦ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ የዳዊት ኮከብ የተቀረጸበት ጌጥ። ሁሉም የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ ሙያ ነው። ዛሬ የሚሠሩት ግን በአብዛኛው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው።

ድሮ በቤተ እስራኤል ዘንድ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ርስት የተነፈገ ሰው ከእጁ ሙያ ሌላ ምን አለው? ጎረቤቱ እሷ በሠራችው ጋን ጠላ እየጠመቀ፣ በምጣዷ እንጀራ እየጋገረ፣ «ቡዳ ናት» ብሎ ይሸሻት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አልጠፋም። ጎጃም ያደገ ሰውም ይህን አላየሁም አይልም።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። አፈሩ ተወቅጦ ይነፋል፤ እሳት እንዳይሰነጥቀው የተፈጨ ገል ይገባበታል። ከዚያ ይቦካል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ ሁሉም በእጅ ይበጃል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ሲደርቅም በእንጨትና በኩበት ይተኮሳል። ምጣድ ከሆነ ገዢዋ ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች።

ምስሎቹ የጥንት አይደሉም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቱሪስት ሲበዛ የመጡ ናቸው። ከዚያ በፊት ዋናው ሥራ ጀበና፣ እንስራና ድስት ነበር።

ከዚያ ባለቤቶቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ወጡ፤ ግንቦት 1983 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ወለቃ ያለ ባለቤቶቹ ቢቀርም ገዢው መምጣቱን አልተወም። እዚያው የተከፈተ የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛም ኑሮ የከበዳቸውን እናቶች ሸክላ አስተማረ።

በሌላው ዓለምም እንዲህ ያለ ነገር አለ። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ለናቫሆ ነገድ ሸክላ ሠሪ ዕቃዋን ከተኮሰች በኋላ በዛፍ ሙጫ መቀባት የአባቶቿ ወግ ሲሆን፣ የጎረቤቶቿን የፑዌብሎዎችን ባለ ሥዕል ሸክላ የሚሠሩ ናቫሆዎችም አሉ። ልዩነቱ እዚያ ፑዌብሎዎቹ ዛሬም ጎረቤት ናቸው፤ ሥራውን አይተው ይህ ልክ ነው፣ ያ አይደለም ማለት ይችላሉ። የወለቃ ሴቶች እንዲህ የሚል ጎረቤት የላቸውም።

የሚያስተዛዝበው፣ ባለቤቶቹ ሳሉ የተናቀው ጭቃ እነሱ ከሄዱ በኋላ የማስታወሻ ዕቃ ሆኖ መወደዱ ነው። የዛሬዎቹ ሠሪዎች ጥፋት የለባቸውም፤ ልጅ የሚያሳድጉት በዚሁ ነው። ይሁንና ሻጯ ኮከቡን ስታሳይ የማን እንደነበረ ጭምር ብትናገር፣ ገዢውም ቢጠይቅ ደግ ነው።